የመዞሪያ ሰሌዳ ለጥንድ ዳንስ፦ የሚያጋልጠውና የሚደብቀው

የመዞሪያ ሰሌዳ በአንድ እግር ቆመው የሚዞሩበት፣ ከአንድ ጫማ የማይበልጥ፣ ሆዱ ወደ ወለል የጎበጠ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ወለሉን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ስለሆነ ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ቀስ ብለው ቢገፉት እንኳ ሁለት ሦስት ዙር ያሽከረክራል። ለባሌት ዓይነት የአንድ እግር ዙር በጣም ይመቻል። ለሳልሳና ለባቻታ፣ ለላቲን አሜሪካ የጥንድ ዳንሶች፣ ግን ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ግማሹ ቀላል አይደለም። ወለል ላይ ሚዛን ሲዛባ ሌላኛው እግር ቶሎ ወርዶ ስህተቱን ይሸፍነዋል፤ ሰሌዳው ግን አይሸፍንም። ክብደት ወደ ተረከዝ ከሸሸ ወዲያው ወደ ኋላ ያዘነብላል። ትከሻ ዳሌን ጥሎ ከቀደመ ወገብ ይጠመዘዝና ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ይጥላል። ክብደቱ ከጣቶች ሥር ባለው ወፍራም የውስጥ እግር ክፍል ላይ ይሁን፤ የቆመው ጉልበት ላላ ይበል፤ ትርፉ እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ይሰብሰብ። ግድግዳው ላይ በዓይን ትክክል ምልክት አድርጉ፤ ጭንቅላት መጨረሻ ይነሳል፣ ቀድሞ ይደርሳል። አገጭ ካዘቀዘቀ ሰውነትም ተከትሎት ያዘነብላል። በሩብ ዙር ጀምሩ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ።

የሚደብቀው ደግሞ ይኸውና። የጥንድ ዳንስ ዙር በአብዛኛው የሚዞረው በእርምጃ ነው። በሳልሳ እርምጃው ከ1 እስከ 8 በሚቆጠር ምት ይረገጣል፤ ተከታይዋ ወደ ቀኝ ስትዞር 5 ላይ በግራ እግሯ ወደ ፊት ትረግጣለች፣ 6 ላይ ክብደቷን ወደ ቀኝ ታሻግራለች፣ 7 ላይ በግራ ትዘጋለች። ጉልበቱ የሚመጣው ወለሉን ከመግፋት ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚገፋ ነገር የለም። ስለዚህ በሰሌዳ ብቻ የተለማመደ ሰው ዙሩን በትከሻ መወርወር ይለምዳል፤ ከዚያ ዙሩ ያልፈዋል፣ ለማቆምም የመሪውን እጅ ይጎትታል። እጅን በተመለከተማ ሰሌዳው ምንም አያስተምርም። መሪው እጁን ከተከታይዋ ጭንቅላት በላይ ይዞ ትንሽ ክብ ይሠራል፤ ጣቶቿ በጣቶቹ ውስጥ እንደልብ መሽከርከር አለባቸው። አውራ ጣቱ ከጨመቀ ግን አንጓዋ ይጠመዘዛል፣ ትከሻዋም ይጎዳል። ብዙ የሚያሳምመው ስህተት ይህ ነውና አጥብቃችሁ ተጠንቀቁ።

ሰሌዳውን ምንጣፍ ላይ ወይም እርጥብ ወለል ላይ አትጠቀሙበት፤ በባለ ተረከዝ ጫማም አትውጡበት። ሥሩን ጥረጉት፤ የተጣበቀ አሸዋ እሱንም ወለሉንም ይፍቃል። በቀን አምስት ደቂቃ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ይበቃል። ወዲያው ወርዳችሁ ያንኑ ዙር በስዊድ (ጸጉራም ለስላሳ ቆዳ) ሶል ጫማ በእርምጃ ድገሙት። ስዊዱ ተጣብቆ ካንጸባረቀ በሽቦ ብሩሽ ቀስቅሱት። የጎማ ሶል ወለሉን ይነክሳል፤ እግር ሲቀር ጉልበት ይጠመዘዛል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥተነዋል። ሦስቱን እርምጃ ሳይሳሳት ለሚረግጥ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ለሚንገዳገድ ሰው ይገዛል። ጀማሪ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ለስዊድ ጫማው ያውለው።