ፒቲኤስዲ ኮች፦ በልጅነታቸው የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች ምን ያህል ይጠቅማል?

ፒቲኤስዲ ኮች ከፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ከሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም) ጋር ለሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነጻ የስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ ያዘጋጀው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ለቀድሞ ወታደሮች ቢሆንም ማንም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። እኔ የመረመርኩት በልጅነታቸው የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸው ጭንቀቱ ዛሬም ላልለቀቃቸው አዋቂዎች ይበጅ እንደሆነ ለማየት ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ታሪክ እንዲናገሩ አለማስገደዱን ነው። ምዝገባም አይጠይቅም። የደረሰበትን ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ለዓመታት የኖረ ሰው፣ ምስጢሩን ሳያወጣ ስለ ሕመሙ መረዳት መቻሉ ትልቅ እፎይታ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ ያለው የራስ መመዘኛ መጠይቅ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ምልክት ባለፈው ወር ምን ያህል እንዳስቸገረ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል። ራስን ስለ መውቀስ፣ ስለ ኀፍረትና በትንሽ ነገር ስለ መደንገጥ ይጠይቃል፤ ብዙዎች «ተፈጥሮዬ ነው» ብለው የተቀበሉት ነገር የሕመም ምልክት እንደሆነ የሚያዩት እዚህ ላይ ነው። ድምሩ ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ጭንቀት ሲነሣ ተጠቃሚው የገጠመውን፣ ለምሳሌ የትዝታ መቀስቀስን ወይም እንቅልፍ ማጣትን ይመርጣል፤ የጭንቀቱን መጠን ከ0 እስከ 10 ይለካል፤ የቀረበለትን ልምምድ ሠርቶ እንደገና ይለካል። አእምሮው በድንገት ጥቃቱ ወደ ደረሰበት ክፍል ተመልሶ እንደ ሕፃን ለሚንቀጠቀጥ ሰው፣ እግሩን መሬት ላይ አጽንቶ በዙሪያው የሚያየውንና የሚዳስሰውን ልብ እንዲል የሚረዳው ልምምድ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ትዝታ የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ስለ መሸሽ በሚናገረው ክፍል ላይ ነው። ሽሽት ሕመሙን እንደሚያቆየው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቃት አድራሹ ዘመድ ሆኖ በየሠርጉና በየለቅሶው «አጎትህን ሳመው እንጂ» ለሚባል ሰው፣ ከዚያ ሰው መራቅ ራስን መጠበቅ እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። ይህን ልዩነት የሠለጠነ ባለሙያ አብሮ ቢያየው ይሻላል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ውስብስብ ፒቲኤስዲን ለብቻው አስቀምጧል፤ ስሜትን መግዛት አለመቻል፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠርና ከሰው ጋር ለመቀራረብ መቸገር መለያዎቹ ናቸው። በልጅነት የተደጋገመ ጥቃት ከዚህ ጋር በእጅጉ ይያያዛል፤ መጠይቁ ግን ለዚህ ተብሎ አልተዘጋጀም።

በአማርኛ አለመቅረቡ ያሳዝናል፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆቻችን ሊጠቀሙበት አይችሉም። ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ ደግሞ እዚያ ለአስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ የሚደወልበት 988 ስለማያገለግላችሁ፣ ልምምዶቹን ከመጀመራችሁ በፊት በድጋፍ ገጹ ላይ የምታምኑትን ሰውና በአቅራቢያችሁ ያለ የአእምሮ ሐኪም ስልክ መዝግቡ።