ስፕለንክ ከወራት በኋላ፦ የስኬጁልድ ሰርች ነገር

የቢሯችንን ሰርቨሮች ሎግ (የሚሠሩትን ሁሉ የሚጽፉበት መዝገብ) በስፕለንክ፣ ሎግ ሰብስቦ በሚፈትሽ ሶፍትዌር፣ መከታተል ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ሰው መጀመሪያ የሚወደው ዳሽቦርዱን ነው። እኔም ወድጄው ነበር፤ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ሳልከፍተው የምውልበት ጊዜ አለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ስኬጁልድ ሰርች ነው። የጻፋችሁትን ፍለጋ ታስቀምጣላችሁ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚሮጥ ትነግሩታላችሁ፣ ያልተሳካ ሎጊን ከወሰናችሁት ቁጥር ሲያልፍ አለርት (ማስጠንቀቂያ) በኢሜይል ይልካል። በቃ።

ሰዓቱ የሚሞላው በክሮን፣ ማለትም አምስት ቦታ ባለው የጊዜ አጻጻፍ፣ ነው፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። «*/5 * * * *» ብትሉት በየ5 ደቂቃው ይነሳል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ጣጣ ይጨመራል። «0 2 * * *» ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንጂ ከምሽቱ 2 ሰዓት አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፍለጋ ማብራሪያ ላይ የሐበሻውን ሰዓትም እንጽፋለን። ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ጊዜ የፈጀብኝ ሌላ ነገር ነው። ፍለጋው ሳይሮጥ ሊቀር ይችላል። ስፕለንክ ባንዴ የሚያስኬደው ፍለጋ ልክ አለው። ካልቀየራችሁት በቀር በአንድ ሲፒዩ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል) 1 ፍለጋ ይቆጥርና 6 ይጨምርበታል። 16 ኮር ያለው ሰርቨር 22 ያስኬዳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለስኬጁለሩ (ፍለጋዎቹን በሰዓታቸው ለሚያስነሳው ክፍል) የሚደርሰው ግማሹ፣ 11 ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ድፍን ሰዓት ይወዳል፤ ሪፖርቱም አለርቱም ዜሮ ደቂቃ ላይ ይደረደራል። 12ኛው ሰልፍ ይይዛል። ጊዜው እስኪያልፍ ቦታ ካላገኘ ይዘለላል። ያው ፍለጋ ከበፊቱ ዙር ገና ካልጨረሰም እንደዚያው ነው። ክፋቱ፣ የተዘለለ አለርትና «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል አለርት በኢሜይል ሳጥናችሁ ውስጥ አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ነው የሚሉት።

እኛ ደቂቃውን በተንነው። አንዱ በ3፣ በ18፣ በ33፣ በ48 ይነሳል፤ ሌላው በ7 ይጀምራል። የማይቸኩል ሪፖርት ደግሞ «ስኬጁል ዊንዶው» ይሰጠዋል፣ ቦታ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ስኬጁለሩ ራሱ የውስጥ ሎግ ስላለው፣ የተዘለሉትን ቆጥሮ ጠዋት ጠዋት የሚልክ ፍለጋም ሠራን። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መዘግየት ነው። ሎጉ ከቅርንጫፍ ተነስቶ ኢንዴክስ እስኪደረግ (ለፍለጋ ዝግጁ ሆኖ እስኪቀመጥ) ጊዜ ይወስዳል፣ መስመር ሲቆራረጥ ደግሞ ይብሳል። «ያለፉትን 5 ደቂቃዎች» ብላችሁ በየ5 ደቂቃው ከፈለጋችሁ፣ ዘግይቶ የገባውን ማንም አያየውም። የሚቀጥለው ዙር የሚጀምረው ከእሱ በኋላ ነዋ። ከ10 ደቂቃ በፊት እስከ 5 ደቂቃ በፊት ያለውን መፈለግ ይሻላል። አለርቱ 5 ደቂቃ ይዘገያል፤ እኔ በደስታ እከፍለዋለሁ። ለወር ሪፖርት ግን «ኮንቲንዩስ» የሚባለውን አሠራር ምረጡ፤ ያመለጠውን ዙር ተመልሶ ይሞላል። ወረፋ ላይ ቅድሚያ ስለማያገኝ ለአስቸኳይ አለርት አይሆንም።

ትሮትል (አንዴ የተላከ አለርት ለተወሰነ ጊዜ እንዳይደገም ማድረግ) ጥሩ ነው፤ አንድ ችግር በየ5 ደቂቃው ስልክ እንዳያስጮህ ያደርጋል። በሰርቨር ስም ለዩት እንጂ። አለዚያ አንዱ ሰርቨር ሲያስጮህ ሌላው አብሮ ዝም ይላል።

ልግዛው ለሚል፦ ዋጋው የሚከብድ ነው፣ ለአምስትና ስድስት ሰርቨር አልመክረውም። ነጻው ላይሰንስ በቀን 500 ሜጋባይት ይቀበላል፤ ነገር ግን አለርት የለውም፣ ይህን ሁሉ ያወራሁለትን ነገር አያሳያችሁም። የ60 ቀኑን የሙከራ ላይሰንስ አውርዱና መጀመሪያ ስኬጁለሩን አጨናንቃችሁ እዩት።