ዴቢያን 12 በአንድ የድሬዳዋ ቤት፦ ከ11 ወር በኋላ

ማሽኑ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ-5፣ 8 ጂቢ ራም፣ 240 ጂቢ ኤስኤስዲ። ከሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ የሆነው ዴቢያን 12፣ ኤክስኤፍሲኢ ከተባለው ቀላል የዴስክቶፕ ገጽታ ጋር ተጭኖበት፣ ከዚራ ሰፈር ላለ አንድ ቤተሰብ 11 ወር አገልግሏል። ከአራቱ ተጠቃሚዎች አንዱም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለም።

የሊኑክስ አርአያ የሆነው ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ሲጀመር ለሳሎን አልታሰበም። ሊኑክስም ቢሆን በ1990ዎቹ ብዙ ጊዜ የሞኒተሩን ፍሪኩዌንሲ በእጅ ካልጻፉለት ዴስክቶፕ አያሳይም ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዴቢያን ከ12ኛው ዕትም ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌሮችን (ዕቃውን የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) መጫኛው ውስጥ ስላካተተ፣ ጭነቱ ያለ አንድ ኮማንድ ከፍላሽ ተጠናቋል። ለአማርኛ ጽሕፈት አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ጭኖ «ሴራ»ን፣ ማለትም አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ዘዴውን፣ መምረጥ ይበቃል።

እዚህ የሚያስቸግረው መብራቱ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ኤክስት-4 (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ፋይል ሲስተም) ከጆርናሉ፣ ማለትም ከለውጥ መዝገቡ፣ አንብቦ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። ርካሽ ኤስኤስዲ ግን «ጽፌያለሁ» ያለውን ዳታ ገና ካሹ (ጊዜያዊ ማቆያው) ውስጥ እንደያዘ ስለሚጠፋ፣ አልፎ አልፎ ፋይል ሲስተሙ ይዛባል። ያን ጊዜ ጥቁር ስክሪን ላይ በቅንፍ የተጻፈ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ የሞተ ይመስላል፤ አልሞተም። ከላይ ያሉት መስመሮች የተጎዳውን ክፍል ስም ይናገራሉ። ኤስዲኤ2 ከሆነ፣ ዲስክ ጠጋኙን «ኤፍኤስሲኬ» ላይ ሰረዝ ዋይ ጨምሮ ከዴቭ ስር ያለውን ኤስዲኤ2 መጻፍ (fsck -y /dev/sda2)፣ ሲጨርስ «ኤግዚት» ማለት ነው። ይህችን መስመር ወረቀት ላይ ጽፎ ሞኒተሩ ጎን መለጠፍ ባለሙያ ከመጥራት ያድናል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ዕቃ) ግዴታ ነው፣ ግን ቦታ ይመረጥለት። ውስጡ ያለው 12 ቮልት ሊድ-አሲድ ባትሪ ሙቀት አይችልም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ የሚያውቅ ሰው ቁም ሳጥን ላይ አይሰቅለውም፤ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩ ሥራን ሴቭ አድርጎ ሶኬቱን መንቀልና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ መለካት ያስፈልጋል።

ኢንተርኔቱ ከአንድሮይድ ስልክ ሆትስፖት ሲመጣ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ክፍያው በመጠን መሆኑን ያውቅና ራስ-ሰር አፕዴቱን ይይዛል። ፓኬጅ ይተርፋል፣ የደኅንነት ጥገናው ግን ሳይገባ ወራት ያልፋል። በወር አንዴ ራስ አስቦ ማውረድ ይሻላል።

እውነተኛ ዕውቀት የሚጠይቀው ባክአፑ ነው። ፎቶዎቹ በየእሑዱ አርሲንክ በተባለው የፋይል መገልበጫ ኮማንድ ወደ ውጫዊ 1 ቴራ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዲስኩ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሣ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ተመዝግቦ ሳለ ልጆች ከነቀሉት፣ ማሽኑ ሲነሣ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቅና ዴስክቶፕ ወደሌለው የጥገና ስክሪን፣ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ፣ ይገባል። መድኃኒቱ ኤፍኤስታብ ውስጥ በዲስኩ መስመር ላይ «ኖፌይል» (ባይኖርም ቀጥል) መጨመር ነው፤ ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ ያቆማል። ችግሩ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዲስኩ ባይኖርም ማሽኑ በሰላም ስለሚነሣ፣ አርሲንክ ፎቶውን ሁሉ ዲስኩ ይያያዝበት በነበረው ባዶ ፎልደር ላይ፣ ማለትም እዚያው ኤስኤስዲ ላይ ይደግመዋል። ኤስኤስዲው ይሞላል፤ ፓስወርድ ትክክል ሆኖ ሳለ ዴስክቶፑ ሳይከፈት ወደ መግቢያው ይመልሳል። ሰው ፓስወርዱ የተበላሸ መስሎት ሲደክም ይውላል።

መፍትሔው ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 ተጭኖ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው ስክሪን መግባት፣ የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ»ን ከሰረዝ ኤች ጋር ጽፎ መሙላቱን ማየት፣ ዲስኩ አለመሰካቱን አረጋግጦ በዚያ ፎልደር ያለውን ቅጂ ማጥፋት ነው። ዲስኩ ተሰክቶ ሳለ ከሰረዙት የሚጠፋው ባክአፑ ራሱ ነው። ከዚያ አርሲንኩ ፊት፣ ዲስኩ መያያዙን የሚያጣራው «ማውንትፖይንት» ከሰረዝ ኪውና ከፎልደሩ ስም ጋር ገብቶ በሁለት የ«እና» ምልክት (&&) ይያያዝ፤ ዲስኩ ከሌለ ቅጂው አይጀምርም።