የመኪናዬን ፊትና ኋላ ያስታረቁልኝ የዓባይ ማዶው ጋሼ

የባህር ዳር ልጆች፣ ላንድክሩዘርም ሆነ ሌላ ባለ ፎር ዊል መኪና ያላችሁ፣ በተለይ የፊት እግሯን (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚይዘውን አክስል) ያስቀየራችሁ ወይም ለማስቀየር የምታስቡ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ይህን ምስጋና በአደባባይ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዓባይ ማዶ የሚሠሩ አንድ መካኒክ መኪናዬንም እንጀራዬንም አትርፈውልኛል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ለምነውኛል። «ሥራዬን ያየ ይናገር፤ ስሜ ምን ያደርጋል» ነው ያሉኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ዓሣ ነው። በኩንዝላ በኩልም በፎገራ በኩልም ወደ ጣና ዳር ወርጄ፣ ከአስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ ተረክቤ፣ በበረዶ አሽጌ ከተማ ላሉ ደንበኞቼ አስረክባለሁ። ዓሣ «ነገ ይደርሳል» የሚባል ዕቃ አይደለም። የፎገራን መረሬ በሰኔ ዝናብ የሚያውቅ ደግሞ ያለ ፎር ዊል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። መኪናዬ የአባቴ ናት። ሞዴሏ 75 የሚባል አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ በተደራረበው ዝርግ ብረት ላይ፣ የምትሄድ ነበረች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሲያርፍ፣ እናቴ ቁልፉን በእጄ አስጨብጣ «ይቺ ናት የቤቱ ወንድ» አለችኝ። ሽጪያት ያሉኝ ብዙ ናቸው። አልሸጥም።

የፊት እግሯ ተበላሽቶ አንድ ጋራዥ ስወስዳት «ይህን ያረጀ ነገር ከምንጠግን የአዲሱን ሞዴል ባለ ሞላ (ባለ ጥቅል ሽቦ) የፊት አክስል እንግጠምልሽ፤ ትለሰልሳለች፣ ፍሬኗም ይሻላል» አሉኝ። «ኋላውስ? አብሮ ይሄዳል ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠይቄያለሁ። «ኋላው የራሷ ነው፤ ምን ይሆናል» አሉ። ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። እውነት ለመናገር ፊቷ ለሰለሰ። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የጎማ ቡሎኑን ነው። የፊቱ ባለ 5፣ የኋላው ባለ 6! የፊቱ ቸርኬ ኋላ አይገባ፣ የኋላው ፊት አይገባ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ ተሸክሜ መዞር ጀመርኩ፤ የዓሣ ሳጥን የሚቀመጥበትን ቦታ ጎማ በላው። ቀጥሎ ጭቃው መጣ። የፊቱ ግራና ቀኝ ጎማ ተራርቆ ስለሚቆም የራሱን ቦይ ይቀዳል፣ የኋላው ተቀራርቦ ስለሚቆም እዚያ ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ ወጥቶ መኪናዋን ወደ ጎን ይስባታል። ከሁሉ የከፋው ግን ፎር ዊል ሳስገባ ነበር። ከጭቃው ወጥቼ ደረቅ መሬት ስረግጥ መኪናዋ ታንቃ ትቀራለች፤ መሪው ይከብዳል፣ ከሥር ይንቋቋል፣ ማርሹ አልወጣም ይላል። አንድ ጊዜ ወረታ ሳልደርስ መንገድ ዳር ቆሜ በረዶው ሲቀልጥ እያየሁ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ምን ብዬ ልናገር። የገጠሙልኝ ሰዎች ዘንድ ስመለስ «አነዳድሽ ነው» አሉኝ። ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ያደግሁ ሰው፣ እነሱ መፍቻ ሳይዙ መሪ የያዝኩ! ሌላው ከሥሯ እንኳን ሳይገባ «ካምቢዮዋ አልቋል፣ ይውረድ» አለ። ሌላው በቸርኬውና ቸርኬው በሚታሰርበት የአክስል ጫፍ መካከል ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ስፔሰር ሊሸጥልኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ደወለ። አንድ ደላላ ደግሞ የፕራዶ የኋላ አክስል ይዞ መጥቶ «ያው ቶዮታ ነው እህቴ፣ ምን ልዩነት አለው» ይለኛል። ማንም አንድ ነገር አልለካም። ወንድሜን ይዤ ስሄድ ለእሱ ይነግሩታል፣ ባለቤቷ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለህሊናቸው ትቼዋለሁ። ግን አንጀቴ አሁንም ያራል።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱንም እግዜር ይስጠው። ስደርስ ግቢያቸው ውስጥ አንድ የኋላ አክስል መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ለሽያጭ ነው። ባለ 5 ቡሎን! ልቤ ዘለለ። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይግጠሙልኝ፣ ገንዘቡን ይዤ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንቁጠር» አሉ።

መኪናዋን ከፊትም ከኋላም በክሪክ አንስተው ድጋፍ አደረጉላት። ጠመኔ አውጥተው ጎማው ላይ አንድ መስመር፣ ከካምቢዮው ወደ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። ሁለቱን ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ አቁመው ጎማዎቹን እኩል እንዲያዞሩ አዘዙ፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መቁጠር ያዙ። የፊቱ ጎማ 10 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 39 ጊዜ ዞረ። ወደ ኋላው ሄዱ፤ እዚያ 41 ሆነ። ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «በሽታሽ ይኸው፤ ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው» አሉኝ።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። የፊቱ ዲፈረንሻል፣ የዘንጉን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው፣ ጥርሱ 43 ለ 11 ነው፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 3.909 ጊዜ ይዞራል፤ የኋላው 37 ለ 9፣ ማለትም 4.11። በሁለት ጎማ ስትነዱ ምንም አይታወቅም። ፎር ዊል ሲገባ ግን ሁለቱ በአንድ ላይ ይታሰራሉ፤ የኋላው 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የፊቱ ወደ 50 ሜትር ቀድሞ መገኘት ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይውጠዋል። ደረቅ መሬት ላይ መውጫ ስለሌለው ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል። «ሁለት በሬ ጠምደሽ አንዱ ሲሮጥ አንዱ ሲጎተት፣ የሚሰበረው ቀንበሩ ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያንቋቋት እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ዞረው ያንን መሬት ላይ ያለውን የራሳቸውን አክስል ቆጠሩ። እሱም 41 ሆነ። ገንዘቡ እጄ ላይ ነው፣ ቡሎኑ ልክ ነው፣ እኔ ለመግዛት ቸኩያለሁ፤ ዝም ብለው ቢሸጡልኝ በምን አውቃለሁ? «ይሄ ያንቺ አይሆንም ልጄ። ቡሎኑ ገጥሞ ጥርሱ ካልገጠመ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ» አሉና ሸራ አለበሱት። እኔ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ያን ያህል ጋራዥ ስዞር «አይሆንሽም» ብሎ የራሱን ገንዘብ የመለሰ አንድ ሰው አላጋጠመኝም ነበር።

ከዚያ ፊቷ ከምን ዓይነት መኪና እንደመጣ ነገሩኝ። በፈረንጆቹ 1999 ቶዮታ ባለ 75ን በ78 እና በ79 ሲተካ ፊቱን ከባሌስትራ ወደ ሞላ፣ ቡሎኑንም ከ6 ወደ 5 ለወጠ። በ2007 ደግሞ ቪ8 ሞተር የምትሸከመው ስትመጣ የፊት ጎማዎቿን አራራቁት፣ ኋላዋን ግን በነበረበት ተዉት፤ በ79ኛዋ ላይ የፊት ጎማዎቹ ርቀት ከኋላዎቹ በ95 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የእኔ ፊት የዚያች ነው። ስለዚህ ኋላውም ከእሷው ዓይነት፣ ባለ 5 ቡሎን፣ 43 ለ 11 ጥርስ፣ ጭነት የሚችል መሆን አለበት። የፕራዶው ለምን እንደማይሆንም ያስረዱኝ ያኔ ነው። በጭነት መኪናዋ አክስል ክብደቱን የሚሸከመው የውጭ ሽፋን ቤቱ ነው፤ የውስጡ ዘንግ ማዞር ብቻ ነው ሥራው፣ ቢሰበር እንኳ ጎማው ተነቅሎ አይሄድም። የፕራዶው ዘንግ ግን ማዞሩንም መሸከሙንም አንድ ላይ ይዟል። ሙሉ የዓሣ ሳጥንና በረዶ ለምጭን ለእኔ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ተፈላጊው አዲስ አበባ ከተፈታ መኪና ተገኘ። ሲመጣም ክፍያ ሳልፈጽም መሬት ላይ አስተኝተው ቆጠሩት። 39! ልጆቹ እልል አሉ፣ እኔም አልኩ። ስለ ስፔሰሩ ስጠይቃቸው እምቢ አሉ። «በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የቀረችው የስፋት ልዩነት ፋብሪካው ራሱ ያወጣት ናት። ጭነት እየጫንሽ ጎማውን ወደ ውጭ ብናስወጣው ኩሽኔታው ላይ ነው የሚጫነው። ተይው» አሉኝ። ስፔሰር ሸጦ ማትረፍ ለማን ያቅታል? እሳቸው ግን እንዲህ ናቸው። ስለ ፍሬኑና ስለ ዘንጉ ርዝመትም ብዙ ሠርተዋል፤ እሱን እኔ ልተነትነው አልችልም፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የእጅ ዋጋቸውን ደግሞ ሥራ ሳይጀምሩ በወረቀት ጽፈው ነው የሰጡኝ፤ በመጨረሻም ከዚያች ወረቀት አንድ ብር አልጨመረም።

ክረምቱን በሙሉ ሠርቼባታለሁ። ፎር ዊል ስትገባ ድምፅ የለ፣ ማነቅ የለ፤ ስትወጣም እሺ ብላ ትወጣለች። ትርፍ ጎማው አንድ ሆነ፣ የዓሣ ሳጥኔም ቦታዋ ተመለሰች። እናቴ እስካሁን አይታቸው አታውቅም፣ ግን ማታ ማታ ስትጸልይ ከአባቴ ስም ቀጥሎ የምትጠራው እሳቸውን ነው። ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎን አይንሳን።

ወገኖቼ፣ ፊቱን የምታስቀይሩ ከሆነ ኋላውን የሚቆጥርላችሁ ሰው ሳታገኙ ገንዘብ አታውጡ። ጋሼ ዘንድ ሂዱ። የእኔን ችግር ቀምሳችሁ ከሆነማ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂዱ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ቃል ገብቻለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ሊብሬውን ያዙ፣ የተቀየረው አክስል ከምን መኪና እንደመጣ የምታውቁትን ሁሉ ንገሯቸው። እሑድና በበዓል ቀን አይሠሩም። አትደራደሯቸው፤ የሚጠይቁት ልኩን ነው።