ጎሚኒ ብቻ፣ አንድ ፓምፕ ወይስ ሁለቱንም? የፍሪሲዮን ፓምፕ ለሚገዙ የደሴና የኮምቦልቻ ባለመኪኖች

ፍሪሲዮኑ ላልቷል፣ ማርሽ ሲገባ ይጮሃል። ብዙ ሰው ወዲያው «ዲስኩ አልቋል» ብሎ ካምቢዮ ለማስወረድ ይነሳል። ቆይ! መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ዘይት እዩ። ፍሪሲዮኑ የራሱ የዘይት ዕቃ ካለውና ዘይቱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ይህ ዘይት እንዲሁ ተቃጥሎ አያልቅም።

ፍሪሲዮኑ ሁለት ፓምፕ አለው፦ የላይኛው ፔዳሉ ጋ፣ የታችኛው አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ጎን። የሚያፈሰው የትኛው እንደሆነ መለየት አይከብድም። ከፔዳሉ ሥር ምንጣፉ ከራሰ የላይኛው ነው። ካምቢዮው ጎን ያለው ፓምፕ የጎማ ሽፋኑ ውስጥ ከረጠበ የታችኛው ነው። ምንም ሳይፈስ፣ ረግጣችሁ ስትቆሙ ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ውስጥ ለውስጥ ዘይት እያሳለፈ ነው።

ጎሚኒ ብቻ

ርካሹ ምርጫ ይህ ነው። የሚያዋጣው ግን የፓምፑ ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ፒስተኑን አውጡ፣ ውስጡን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ በባትሪ እዩ። ለስላሳ ከሆነ አዲስ ጎሚኒ ይበቃዋል። ጭረት ካለው ወይም ዝገት ከበላው አዲሱን ጎሚኒ ቶሎ ይጨርሰዋል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተው የሚያስተካክሉ አሉ፤ አሉሚኒየም ፓምፕ ላይ ይህን ፈጽሞ አልመክርም።

ጎሚኒ ስትገዙ የመኪናውን ስም ብቻ ነግራችሁ አትውሰዱ። ብዙ ፓምፕ ላይ መጠኑ በኢንች ተጽፏል፤ 5/8፣ 11/16፣ 3/4 እና የመሳሰለው። እሱን አንብቡ። የጃፓኑ ሴይከን የታመነ ነው።

ሙሉ ፓምፕ

ለታችኛው እኔ ሁልጊዜ ሙሉውን እመርጣለሁ። ጭቃና ውሃ የሚመታው እሱ ነው፣ ውስጡም ቀድሞ ይዝጋል። ቆዩ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ላይ በሁለት ቡሎንና በአንድ ቱቦ ነው የተያዘው። የላይኛው ግን ዳሽቦርድ ሥር ተጣጥፎ መግባት ይጠይቃል። ስለዚህ እሱን አንዴ ከፈታችሁት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዕቃ ይግባበት።

ኦርጂናልና ቅጂ ላይ ሳልሸሽግ ልናገር፦ ለቶዮታ አይሲን ብታገኙ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱ። ርካሹ ቅጂ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጎማው ላይ ነው። አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱና የቡሎን ቀዳዳውን፣ የቱቦውን ጥርስና የዘንጉን ርዝመት እዚያው አስተያዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ሁለቱንም ባንዴ

ሁለቱ ፓምፖች እኩል ያረጁ ከሆነ አንዱ ሲታደስ ሌላው ብዙም አይቆይም። ያኔ ዘይት መጨመሩና አየር ማስወጣቱ እንደገና ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው አንዱን ቀይሮ መቆየት ያስኬዳል። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ግን ሁለቱንም እላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሪሲዮኑ እምቢ ካለ ማርሽ መቀነስ አይቻልም፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። ገንዘብ ካጠረ የታችኛውን ሙሉ፣ የላይኛውን ጎሚኒ አድርጉ፤ የላይኛው ውስጡ ንጹህ ከሆነ ማለት ነው።

ቤት ወይስ ጋራዥ

ፓምፑ ከካምቢዮው ውጭ ካለ ቤት ይሠራል። አብዛኛው ቶዮታ ላይ 10 እና 12 ቁልፍ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦና ፔዳል የሚረግጥ ሰው ይበቃሉ። የደሴ ግቢ ብዙው ዳገት ነው፤ ሜዳ ቦታ ፈልጉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። የቱቦው ቁልፍ መያዣ ከተላጠ ሥራው ሌላ ነውና በጥንቃቄ ፍቱት።

ፍሪሲዮኑ የሚጠቀመው የፍሬን ዘይት ነው፤ በዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። ተከፍቶ የቆየ አትግዙ፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ቶሎ በውሃ እጠቡ። አየር ስታስወጡ ረዳታችሁ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ እናንተ የታችኛው ፓምፕ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ከዚያ እሱ ይልቀቅ። የዘይት ዕቃው ሥራው መሃል ላይ ከደረቀ ሁሉም ከአንድ ይጀምራል።

አንዳንድ መኪና ላይ፣ ለምሳሌ አንዳንድ ፎርድ ሬንጀር ላይ፣ የታችኛው ፓምፕ ካምቢዮው ውስጥ ነው። እሱ ካምቢዮ ሳይወርድ አይነካም። ለዚህ ጋራዥ ሂዱ፤ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ዲስኩንም አሳዩ።