የፕሪሸስ ፕላስቲክ ማሽኖች ለፌስታልና ለላስቲክ ይሆናሉ?

ሆላንዳዊው ዲዛይነር ዴቭ ሃከንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ፕሪሸስ ፕላስቲክ የተባለው ፕላስቲክን መልሶ የመጠቀም ፕሮጀክት የማሽኖቹን ንድፍ በነፃ ያድላል። ደህና ብየዳ ቤት ያገኘ ሰው አራቱን መሠረታዊ ማሽኖች ማሠራት ይችላል፦ መፍጫ፣ ኤክስትሩደር (ቀልጦ እንደ ገመድ የሚያወጣ)፣ በእጅ የሚጫን ኢንጀክሽን (የቀለጠውን ወደ ሞልድ ማለትም ወደ ቅርጽ ማውጫ የሚገፋ) እና ምድጃ ያለው ኮምፕሬሽን (ሞልድ ውስጥ አቅልጦ የሚጨምቅ)። ለጠርሙስ ክዳንና ለተሰበረ ጀሪካን አራቱም ያገለግላሉ። ጥሬ ዕቃችሁ ፌስታልና ላስቲክ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ኮምፕሬሽኑ ላይ አውሉት፤ ኢንጀክሽኑ ይቅርባችሁ።

ችግሩ ያለው ላስቲኩ ውስጥ ነው። ፌስታል የሚነፋበት ፖሊኢትሊን ሳይበጠስ እንዲለጠጥ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ቀልጦም እንደ ጠንካራ ሊጥ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በጠባብ ቀዳዳ በሚገፋበት በተለመደው የፍሰት ፍተሻ በ10 ደቂቃ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ግራም አያልፍም፤ ለኢንጀክሽን የሚመረተው ብዙ ጊዜ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ይፈሳል። የእጅ ማንሻ ይህን ሊጥ በቀጭን ሞልድ ውስጥ መግፋት ስለማይችል ዕቃው ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል።

መፍጫውም ያስቸግራል። ላስቲክ አይሰበርም፤ ሻፍቱ ላይ ይጠመጠምና በምላጮቹ መሃል ገብቶ ሞተሩን ያቆማል። ደስ የሚለው ለኮምፕሬሽን መፍጨት አያስፈልግም። በመቀስ ቆርጦ፣ አጥብቆ ጠቅልሎ መጠቅጠቅ ይበቃል።

መጠኑን በስሌት እንየው። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ 400 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ በላስቲኩ እፍጋት (በሴንቲ ሜትር ኩብ 0.92 ግራም) ሲባዛ 368 ግራም። ለሚተርፈው 5 በመቶ ጨምሩና 386 ግራም መዝኑ። የተቆራረጠ ላስቲክ በሊትር 40 ግራም ቢመዝን ይህ ከ9 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ሞልዱ የሚይዘው ደግሞ 0.4 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅጥቆ ማቅለጥ፣ ሲሟሽሽ መጨመር፣ እንደገና ማቅለጥ ነው። ሦስት አራት ዙር ይፈጃል፤ አሰልቺው ሥራ ይኼ ነው።

ምድጃውን ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጉት። ለስላሳው ላስቲክ 110 አካባቢ፣ የሚንኮሻኮሸው ቀጭን ፌስታል 130 አካባቢ ይቀልጣል፤ ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል። የፓስታ ማሸጊያን የመሰለው ጥርት ያለ ፖሊፕሮፕሊን ግን 160 አካባቢ ይፈልጋል፤ ቢቀልጥም ከሌላው ጋር አይዋሃድም፤ ዕቃው በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ውስጡ ብርማ የሆነ የቺፕስ ከረጢት ጨርሶ አይግባ። የዝናብ ልብስና የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ (ክሎሪን ያለበት የፕላስቲክ ዓይነት) ስለሆኑ ሲሞቁ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ያወጣሉ። የምትጠራጠሩትን ቆርጣችሁ ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ እሹት፦ ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ ይሰምጣል። ሳታሹ ከጣላችሁት የአየር አረፋ ፒቪሲውንም ያንሳፍፈዋል።

የኮምፕሬሽኑ ትልቁ ጉድለት የሙቀት መቆጣጠሪያው ነው። የሚያነበው የምድጃውን አየር ስለሆነ 180 ሲል የሞልዱ መሃል ገና 100 ላይ ሊሆን ይችላል። ሞልዱን ጎኑ ላይ ብሱና ሁለተኛ ሴንሰር አስገቡ፤ ለዚህ ማሽን ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ የለም። ከሥር ያለውን የመኪና ክሪክ መጫን የሚጀመረው መሃሉ 150 ሲያልፍ ነው፤ በየ10 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ክሪኩን ሳትለቁ እስከ 50 ዲግሪ ይብረድ። ተቻኩሎ የወጣ ንጣፍ እንደ ጣሪያ ክዳን ይቆለመማል። በደንብ የቀዘቀዘውም ከ2 እስከ 3 በመቶ ይኮማተራልና በሞልዱ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቀድማችሁ ጨምሩ። ቆርጣችሁ ስታዩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ ላስቲኩ እርጥብ ነበር፤ ታጥቦ የተጠቀለለ ፌስታል በእጥፋቱ ውሃ ይደብቃል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ከሁሉም ላስቲክ የምንመርጠው የግሪንሃውስን ነው። ብዙ ጊዜ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ስላለው በፍጥነት ሞልዱን ይሞላል፣ ቀለምም የለበትም። ከመግዛታችሁ በፊት ጠርዙን አጥፉት፤ ከተቀነጠሰ ፀሐይ በልቶታልና ተዉት። የፀረ ተባይ ቅሪት ስለሚኖርበት በጓንት ይታጠብ፣ ማጠቢያው ውሃም ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ከእሱ የመቀመጫ ገበታ፣ የወለል ንጣፍና የጠረጴዛ እግር ማሳረፊያ ያምራል። ሳህንና የውሃ ዕቃ አይሠራበትም፤ ላስቲክ የቀለጠበት ምድጃም ዳግመኛ ዳቦ አይጋገርበትም።