ባለ አንድ ቁራጭ የአልሙኒየም ፕሮፔለር ሻፍት በሙስታንግ ጂቲ ላይ፦ ከትንሣኤ እስከ ጥምቀት

መኪናዬ የ2012 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ናት፤ ባለ 5.0 ሊትር ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ፣ 3.73 ዲፈረንሻል (የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ 3.73 ጊዜ ይዞራል)። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ በሥራ ቀን ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ ከሌላው ጋር ታዘግማለች፤ ቅዳሜ ማለዳ ግን ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ትወጣለች። ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በዓል በኋላ ከፋብሪካው ጋር የመጣውን፣ ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚያደርሰውን ባለ ሁለት ቁራጭ የብረት ሻፍት አውጥቼ ባለ አንድ ቁራጭ የአልሙኒየም ሻፍት አስገጠምኩ። አሁን ጥምቀትም አልፏል። ሻፍቱ ሙቀቱንም በረዶውንም፣ በመንገድ ላይ የሚረጨውንም ጨው ቀምሷልና ስለ እሱ ለመናገር ጊዜው ደርሷል።

ሻጮች አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ክብደት ነው። እውነት ነው፣ አሮጌው ወደ 17 ኪሎ፣ አዲሱ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል። ነገር ግን መኪናዋ ራሷ ከ1,600 ኪሎ በላይ ስለሆነች የተቀነሰው ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሻፍት ክብደት ደግሞ ከመዞሪያው መሃል ብዙም ስለማይርቅ ለማሽከርከር የሚፈጀው ጉልበት ጎማና ቸርኬ ከሚፈጁት ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ የሚያወጣው ያው 412 የፈረስ ጉልበት ነው። በፍጥነት የመነሳት ለውጥ ፈልጎ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ስምንት መቶ ዶላሩን ለጥሩ ጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።

ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛ ማርሽ በትራፊክ ውስጥ ስሄድ፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ መልሼ ስጫን፣ መኪናዋ ለአፍታ ዝም ትልና ከወንበሩ ሥር «ጓ» ብላ ትነሳ ነበር። ኃይሉ ወደ ኋላ እስኪደርስ በየመጋጠሚያው ያለው ክፍተት መሙላት፣ ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙበትን የመሃል ኩሽኔታ ያቀፈው በዕድሜ የላላ ላስቲክም መጨመቅ ነበረበት። አሁን መሃል ላይ ምንም የለም፤ በሁለቱ ጫፎች ካሉት ክሮቸራዎች (ሻፍቱ እየታጠፈ እንዲዞር ከሚያስችሉት መጋጠሚያዎች) በቀር። እግር ሲጫን የኋላ ጎማ ወዲያው ይሰማል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ከመታጠፊያ ወጥቶ ነዳጅ በቀስታ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ይህ ልዩነት ገንዘቡን ያስረሳል።

ታዲያ አምራቾች ሻፍቱን ለምን ለሁለት ይከፍሉታል? ማንኛውም የሚሽከረከር ዘንግ የራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ እዚያ ሲደርስ መሃሉ ወደ ውጭ ይጎብጥና መገረፍ ይጀምራል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጣሪያው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ቱቦው ሲሰፋ ደግሞ ከፍ ይላል። በዚህ መኪና ላይ ነገሩ ቀላል አይደለም። በሰዓት 75 ማይል፣ በስድስተኛ ማርሽ ስሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,250 ዙር ያህል ሲዞር ሻፍቱ ግን 3,450 ያህል ይዞራል፤ የስድስተኛው ማርሽ ምጣኔ 0.65 ስለሆነ ሻፍቱ ከሞተሩ ይፈጥናል። ብዙ ሰው አልሙኒየም ቀላል በመሆኑ ብቻ ጣሪያውን የሚያሳድገው ይመስለዋል። አልሙኒየም ከብረት በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚቀል ሁሉ ግትርነቱም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ስፋት ጣሪያቸው ተቀራራቢ ነው። ጥቅሙ ክብደት ሳይጨምሩ ቱቦውን ማስፋት መቻሉ ላይ ነው፤ የእኔው ዲያሜትሩ 3.5 ኢንች ነው። ካርቦን ፋይበር ግን በእርግጥም ይበልጣል። ፎርድ ራሱ 662 የፈረስ ጉልበት ባለው የ2013 ሼልቢ ጂቲ500 ላይ ባለ አንድ ቁራጭ የካርቦን ፋይበር ሻፍት ገጥሟል።

የመግጠሙ ሥራ ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። መኪናዋ አራቱም ጎማዋ ላይ እንደቆመች በሚያነሳ ማንሻ ላይ ወጣች፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ይገባል፣ ሻፍቱን ለማዞር ደግሞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሥራውን የሠራው የአገር ልጅ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት በአሮጌው ሻፍትና በዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ሻፍቱ በብሎን በሚታሰርበት ክብ ገጽ) ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ። «ጋሼ፣ አሮጌውን እንዳይጥሉት፤ መኪናዋን የሸጡ ቀን ይፈለጋል» አለኝ።

አድካሚው ነገር የመጣው በኋላ ነው። ከ70 ማይል በላይ ከወለሉ ሥር እምምም የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ማርሽ ስቀይር የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ድምፁ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ከሞተሩ አይደለም። የስልኬ የንዝረት መለኪያ መተግበሪያ በ75 ማይል ላይ በሰከንድ 58 ገደማ ንዝረት አሳየ። ጎማ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ የሚዞረው ከ15 እስከ 16 ጊዜ ነው፤ 58 ደግሞ የሻፍቱ ልክ ነው። የክሮቸራ ማዕዘን ችግር ቢሆን ኖሮ እጥፉን፣ ወደ 115 ያሳይ ነበር። መካኒኩ የኋላውን ፍላንጅ ፈትቶ ሻፍቱን በግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ አሰረው፤ የሻፍቱ ከባድ ጎን ከፍላንጁ ቀላል ጎን ጋር ተገናኘና ድምፁ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሻፍቱን ለሻጩ ለመመለስ ከመቸኮል በፊት ይህ ይሞከር፤ ዋጋው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ማዕዘኑም ቢሆን ችላ አይባልም። ክሮቸራ ታጥፎ ሲሽከረከር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህን የሚያጣፋው የኋለኛው ክሮቸራ ነው፤ የሚያጣፋውም የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሙስታንግ እስከ 2014 ሞዴል ድረስ የኋላ አክስሉ አንድ ወጥ ስለነበር ነዳጅ ሲረገጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲለካ አፍንጫው ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። የእኔዋን ከእኔ በፊት የያዛት ሰው አጭር ሞላ አስገብቶባት ስለነበር ልኩ ተዛብቶ ተገኘ፤ ርዝመቱ የሚስተካከል የላይኛ ክንድ መግዛት ግድ ሆነ። ሞላ የተቀየረበት መኪና ያለው ሰው ይህን ወጪ ከወዲሁ ይቁጠረው።

ያልጠፋውና የማይጠፋው የዲፈረንሻሉ ፉጨት ነው። ከ45 እስከ 55 ማይል ባለው ፍጥነት እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ጥርሶቹ ድሮም ያፏጩ ነበር፤ አሁን ግን የሚያፍነው ላስቲክ የለም፣ ባዶው ቱቦም እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን «ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አለች፤ ዛሬም ትጠይቃለች። እኔ ለምጄዋለሁ። መኪናውን ለሥራ መመላለሻ ብቻ የሚጠቀም፣ ጸጥታም የሚወድ ሰው ግን የፋብሪካውን ሻፍት በአዲስ የመሃል ኩሽኔታ ቢያድሰው እመክራለሁ።

ክረምቱ ያደረሰበት ጉዳት ጥቂት ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ከሥር ገብቼ አየዋለሁ። የብረት ብሎኖቹ አልሙኒየሙን በሚነኩበት ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ታይቷል፤ በብሩሽ ይለቃል። ክሮቸራዎቹ የታሸጉ ስለሆኑ ግራሶ አይጨመርባቸውም፤ የምፈልገው ቆባቸው ዙሪያ ቀይ ዱቄት መኖር አለመኖሩን ነው፤ ቀይ ዱቄት ከታየ ውስጡ ደርቋል ማለት ነው። እስካሁን የለም፤ በእጅ ሲወዘወዝም ልልነት አይሰማም። ብሎኖቹን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ማይሎች በኋላ በመለኪያ ቁልፍ እንደገና አስጠብቄአለሁ።

ሻፍቱን ሲገዙ የሻፍት መያዣ ቀለበትም አብሮ ይገዛ። ባለ ሁለት ቁራጩ አንዱ ጫፍ ቢሰበር የመሃል ኩሽኔታው ጥቂትም ቢሆን ይይዘዋል፤ ይህ ግን የፊት ክሮቸራው ከተሰበረ ሙሉው ቱቦ አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ ወለሉንም ሊበሳ ይችላል። የእኔው ቀለበት በሁለት ብሎን ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ ከቱቦው የሚርቀው አንድ ጣት ያህል ነው፤ እስካሁንም አልነካውም።